የሞተር ሳይክል ጎማ ንፋስ፦ በጠዋቱ፣ ቤት ውስጥ፣ በራስ መለኪያ

ጥያቄ፦ «150 ሲሲ ቦክሰር አለኝ፤ ጎማዎቹ ከመነዳሪ ያላቸው ናቸው። ከቱላ ሀዋሳ ከተማ በየቀኑ እመላለሳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከኋላ ጭነት አስራለሁ። መንገድ ዳር ኮምፕሬሰር ያላቸው ልጆች ለሁለቱም ጎማ 40 ይሞሉልኛል። የኋላው ግን በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ይለሰልሳል፤ እንደገና ሄጄ እከፍላለሁ። ቤቴ ራሴ መለካትና መሙላት እፈልጋለሁ። ምን ልግዛ? ስንት ልሙላ? የሳይክል መንፊያ ይሠራል ወይ? በሙቀት ወቅት ንፋስ ቀንስ የሚሉኝስ ልክ ናቸው?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄ እንነሳ፤ እሱ ካልጠራ የቀረው ቁጥር ሁሉ ያምታታል። በሙቀት ወቅት ንፋስ አይቀነስም። የሞተር አምራቾች የሚጽፉት ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ ሲባል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያልተነዳና ፀሐይ ያልነካው ማለት ነው። ጎማ ሲሽከረከር ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው ንፋስም ሲሞቅ ግፊቱ ከፍ ይላል። አምራቹ ይህን ጭማሪ ቁጥሩን ሲያወጣ አስቦበታል።

በሀዋሳ አየር እናስላው። በጥር ወር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጎማው 14 ዲግሪ ሆኖ 28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ ነው፤ ልጆቹ 40 የሚሉትም በዚሁ ነው) አነበበ እንበል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከቱላ ተነስተው መናኸሪያ ሲደርሱ በጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ 45 ዲግሪ ቢገባ፣ ማንም ምንም ሳይጨምርበት መለኪያው 32 ያሳያል። በደምሳሳው በየ7 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ይጨምራል ብለው ይያዙት። አሁን ኮምፕሬሰር የያዘው ልጅ «በዝቷል» ብሎ 28 ላይ ቢያወርድልዎት፣ በማግስቱ ጠዋት ያው ጎማ 24 ሆኖ ያገኙታል። ጎደሎ ጎማ ደግሞ ከሞላው የበለጠ ይተጣጠፋል፣ የበለጠ ይሞቃል። ሙቀት ፈርተው ንፋስ የሚቀንሱ ሰዎች ሙቀቱን ራሳቸው እየጠሩት ነው።

ስለዚህ በሞቀ ጎማ ላይ ንፋስ መቀነስ የለም። መንገድ ላይ ጎድሎ ካገኙትና መሙላት ግድ ከሆነ፣ ከትክክለኛው ቁጥር 4 ፒኤስአይ አስበልጠው ያስሞሉና በማግስቱ ጠዋት ቤትዎ ያስተካክሉት። የሚታመነው ቁጥር ጠዋት፣ ሞተሩ ካደረበት ሳይንቀሳቀስ፣ ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ የሚነበበው ነው። ሌላው ግምት ነው።

ስንት ይሞላ?

ቁጥሩን የሚወስነው ሞተሩ ነው፤ ጎማው አይደለም። ቁጥሩ የተጻፈበት ተለጣፊ ብዙውን ጊዜ በካቴናው መሸፈኛ ላይ፣ የኋላውን ጎማ በያዘው ክንድ ላይ ወይም ከመቀመጫው ሥር ይገኛል፤ ተልጦ ከጠፋ መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። ከፊት 2.75-17፣ ከኋላ 3.00-17 ጎማ ለሚያደርገው ቦክሰር የተለመደው ከፊት 25፣ ከኋላ ብቻዎን ሲሆኑ 28፣ ሰው ወይም ጭነት ሲኖር 32 ፒኤስአይ ነው። የእርስዎ ተለጣፊ ሌላ ካለ ተለጣፊውን ይመኑ። የቻይና ሞተሮች በኪሎ ፓስካል ይጽፋሉ፦ 175 ማለት 25፣ 200 ማለት 29፣ 225 ማለት 33 ፒኤስአይ ገደማ ነው። በባር የሚያነብ መለኪያ ከገጠመዎት በ14.5 ያባዙት፤ 2 ባር 29 ይሆናል።

ጎማው ጎን ላይ «ማክስ» ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈው ቁጥር የሚሞላው ልክ አይደለም፤ ጎማው ከፍተኛውን ጭነት ሲሸከም የሚፈቀድለት ጣሪያ ነው። «ለሁሉም 40» የሚባለው ልማድ ከዚያ ጽሑፍ የመጣ ይመስላል፤ አለዚያም ሞተር፣ ባጃጅና መኪና በአንድ ቱቦ ከመሞላታቸው።

40 ከፊት ምን ያደርጋል? መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል ይጠባል። በኮብልስቶን ላይ ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ከማለፍ ይልቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥር ደግሞ ለቅጽበት መሬት ለቋል ማለት ነው። ደረቅ ላይ የሚታወቀው እጅ ላይ በሚሰማው መንዘር ብቻ ነው። ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ላይ፣ ወይም ዳር ዳሩ አሸዋ በተበተነበት አስፋልት ላይ የፊት ፍሬን ሲይዙ ግን ውጤቱ መንሸራተት ነው። የኋላው ደግሞ መሃል ለመሃል ይበላል፦ ጥርሱ ዳርና ዳር ሙሉ ሆኖ መሃሉ ጠፍጣፋ ከሆነ በብዛት የሚነዳው ከልክ በላይ ተሞልቶ ነው። ዳርና ዳሩ ቀድሞ ካለቀና መሃሉ ከቀረ ግልባጩ ነው፤ ጎድሎ ተነድቷል።

ጎድሎ የመነዳት ጣጣው ከመብላት ያልፋል። ጎማው ጉድጓድ ወይም የተነሳ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪውን በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ይቆነጥጠዋል፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣል፣ የእባብ ንክሻ ይመስል። ሌላው ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ ቀስ በቀስ መሸሹ ነው። ፍሬን በያዙ፣ ነዳጅ በሰጡ ቁጥር ጥቂት ይንሸራተታል፣ ከመነዳሪውንም ይዞት ይሄዳል። ንፋስ የሚሞላበት አፍ፣ ቫልቮላው፣ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ተይዟልና አይከተልም፤ መጀመሪያ ዘመም ይላል፣ ቆይቶ ከሥሩ ይቀደዳል። ያ ደግሞ አይለጠፍም።

ምን ይገዛ?

መጀመሪያ መለኪያ፣ ከዚያ መንፊያ። ብዙ ሰው ግልባጩን ያደርግና መንፊያው ላይ የተለጠፈውን ሰዓት መሰል መለኪያ ያምናል። በእግር የሚረገጡት ርካሽ መንፊያዎች ላይ ያለው ሰዓት 3 እና 4 ፒኤስአይ ቢስት የሚገርም አይደለም። መለኪያ ሲመርጡ የመጨረሻ ቁጥሩን ይዩ፤ እስከ 60 ፒኤስአይ የሚያነብ ለሞተር በቂ ነው። እስከ 220 የሚያነብ የከባድ መኪና መለኪያ ጠንካራ ይመስላል፣ ነገር ግን ስህተቱ የሚሰላው ከሙሉ ንባቡ ነው፤ በመቶ 2 እንኳ ቢስት ከ4 ፒኤስአይ በላይ ነው፣ ለ28 ደግሞ ያ ብዙ ነው። የብዕር ቅርጽ ያለው ዱላ የሚወጣለት ዓይነት ቀላልና የማይሰበር ነው፤ አቧራ ሲገባበት ግን ዱላው ይይዛል። ባለ ሰዓቱ ለማንበብ ይመቻል፣ አንዴ መሬት ላይ ከወደቀ ግን መርፌው ዜሮ ላይ መመለሱን ሳያዩ አይመኑት። ባለ ባትሪውም ጥሩ ነው።

የሳይክል መንፊያ ይሠራል፤ ቆሞ በሁለት እጅ የሚገፋው ረጅሙ ከሆነና የቧንቧው አፍ ለመኪና ዓይነት ቫልቮላ የሚገጥም ከሆነ። የሞተርና የመኪና ቫልቮላ አንድ ዓይነት ነው፤ በቀጭን ቫልቮላ ብቻ የሚገጥመው የሳይክል መንፊያ አይሆንም። 3.00-17 ጎማ ውስጡ 6 ሊትር ያህል ይይዛል። ረጅሙ መንፊያ በአንድ ምት ከ0.3 ሊትር ትንሽ በላይ ስለሚገፋ፣ ከሚባክነው ጋር አንድ ምት ግማሽ ፒኤስአይ ወይም ከዚያ ትንሽ የዘለለ ይጨምራል። ከ22 ወደ 28 ለማድረስ አሥር አሥራ ሁለት ምት ነው፤ ከባዶ ለመሙላት ሃምሳ ያህል። እግረ መንገድ፦ ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ወለል የሳሳ ነው፤ እዚያ በአራት ምት የሚሞላው እዚህ አምስት ይፈልጋል። መንፊያው ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት። ከሳይክል ፍሬም ላይ የሚታሰረው አጭሩ መንፊያ ግን የመንገድ መዳኛ እንጂ የቤት ዕቃ አይደለም።

ከመኪና ሲጋራ ማቀጣጠያ ኤሌክትሪክ የሚስበው ትንሹ ኮምፕሬሰር ሲሠራ 10 አምፔርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። የቦክሰር ባትሪና ፊውዝ ለዚያ አልተሠሩም፤ ወይ ፊውዙን ያቃጥላል ወይ ባትሪውን ያደርቃል። ኤሌክትሪክ ከፈለጉ የራሱ ባትሪ ያለው፣ በቻርጀር የሚሞላውን ይግዙ፤ በተሰጠው ቁጥር ራሱ ይቆማል። እሱም ቢሆን ከቆመ በኋላ በራስዎ መለኪያ ይፈተሽ።

ከዚህ ሌላ የቫልቮላ መርፌ መፍቻ፣ ሁለት ትርፍ መርፌ፣ ላስቲክ ያለው የቫልቮላ ክዳንና ሳሙና የተበጠበጠበት ትንሽ ውኃ ይበቃል። መርፌ የምንለው በቫልቮላው ቱቦ ውስጥ በጥርስ የሚጠበቀውን፣ ሲጫኑት ንፋስ የሚለቀውን ክፍል ነው። ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም፤ የሚያደርሰው ጣጣ ግን ብዙ ነው።

አሠራሩ

ሞተሩን ጥላ ባለበት፣ በሁለት እግር መቆሚያው ያቁሙት። የኋላውን ጎማ በእጅ ቀስ አድርገው እያዞሩ ጥርሱን ይመልከቱ። በቱላ መንገድ ዳር የግራር እሾህ ብዙ ነው፤ ሲሰበር ጫፉ በጥርሱ መካከል ይቀርና ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ ሆኖ ይታያል። ካገኙ ወዲያው አይንቀሉት። ከመነዳሪ ያለው ጎማ እሾሁ ሲነቀል እዚያው ይተነፍሳል፤ ጠዋት ሥራ ከመሄድ በፊት የሚፈለግ ነገር አይደለም። በጠመኔ ምልክት ያድርጉበትና ንባቡን ያንብቡ። ካልጎደለ እሾሁ እስከ ውስጥ ያልደረሰ ይመስላል፤ ያኔ በፒንሳ ይነቀል። ከጎደለ እንደተሰካ ቀስ ብለው ወደ ጎሚስታ ይውሰዱት።

ቫልቮላውን ለእጅ በሚመች ቦታ ያቁሙት። ለኋላው ካቴናውና መሸፈኛው ቦታ ስለሚያጣብቡ ከካቴናው ተቃራኒ በኩል ቢቀርቡ ይሻላል። ክዳኑን ፈትተው ኪስዎ ይክተቱት፤ መሬት ላይ ያስቀመጡት ክዳን አሸዋ ይዞ ይመለሳል። የሀዋሳ አቧራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨበት ሸካራ አቧራ ነው፤ አንዲት ቅንጣት በመርፌውና በመቀመጫው መካከል ከገባች ለቀናት ቀስ እያለች ታስተነፍሳለች። መንፊያውንም ከመግጠምዎ በፊት አንዴ በባዶ ይግፉት፣ ቧንቧው ውስጥ ያደረው አቧራ ይውጣ።

መለኪያውን ቀጥ አድርገው በአንድ ጊዜ ይጫኑት። «ፍስ» የሚል አጭር ድምፅ ይሰማና ወዲያው ዝም ይላል። ካላቆመ መለኪያው ዘመም ብሎ ተቀምጧል፣ ያነበበውም ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ለክተው ተመሳሳይ ቁጥር ከመጣ በቂ ነው፤ በለኩ ቁጥር ትንሽ ስለሚወጣ አሥር ጊዜ መለካት ራሱ ያጎድላል። ቁጥሩን ከመሙላትዎ በፊት ይጻፉት። ይህን ሁሉም ይዘለዋል፣ ቀጥሎ እንደሚታየው ግን የሚንጠባጠብን ጎማ የሚያጋልጠው ይኸው የተጻፈ ቁጥር ነው።

ከዚያ ይሙሉ፤ ከሚፈልጉት 2 ፒኤስአይ አሳልፈው። በጥርስ የሚጠበቅ ቧንቧ ሲፈታ መርፌውን እንደተጫነ ስለሚቆይ 1 ወይም 2 ይወስዳል፤ በፍጥነት ይፍቱት። አፉ በማንሻ የሚቆለፍ ከሆነ ሲለቀቅ የሚሰማው ድምፅ በአብዛኛው የቧንቧው ንፋስ ስለሆነ አያስደንግጥዎ። እንደገና ለክተው ትርፉን በመለኪያው ጀርባ ባለች እሾህ መርፌውን ነካ ነካ እያደረጉ ያውርዱ። ከላይ ወደ ታች መድረስ ከታች ወደ ላይ ከመድረስ ይቀላል። አንዳንዴ በጥርስ የሚጠበቀው ቧንቧ ሲፈታ መርፌውን ይዞት ይወጣና ጎማው ባዶ ይቀራል። ምክንያቱ መርፌው ቀድሞውኑ ላልቶ መቆየቱ ነው፤ በመፍቻው ጠበቅ ማድረግ ይበቃል፣ ሳይታገሉ፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ትንሿ ላስቲክ ትሰነጠቃለች።

በመጨረሻ ሳሙናውን በጣት ጫፍ ቫልቮላው አፍ ላይ ያኑሩ። የሳሙናው ሽፋን ካበጠ ያስተነፍሳል። ካላበጠ ጠርገው ክዳኑን ይግጠሙ። ክዳኑ ጌጥ አይደለም፤ አቧራውን የሚከለክል ሁለተኛ በር ነው። ለሁለቱም ጎማ ሁሉም ነገር ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

የኋላው ለምን በአራት ቀን ይለሰልሳል?

በእጅ መጫን አያስተማምንም፤ 20 ያለው ጎማና 28 ያለው ጎማ ለአውራ ጣት አንድ ናቸው። ስለዚህ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ምንም ሳይሞሉ ጠዋት ጠዋት ይለኩትና ይጻፉ። በሳምንት 1 ቢቀንስ ችግር የለም። ከሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራው ቢውቲል ከመነዳሪ ንፋስ ይይዛል፣ በወር 1 ወይም 2 ነው የሚያጎድለው። ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራው ርካሹ ግን ምንም ቀዳዳ ሳይኖረው በሳምንት 2 እና 3 ያሳልፋል፤ እንዲህ ያለውን መለጠፍ አያድነውም፣ መቀየር ነው። በየቀኑ እኩል 2 ወይም 3 እየቀነሰ ከሄደ በብዛት ቫልቮላ ነው ወይም በጣም ትንሽ ቀዳዳ። ቆሞ ሲያድር የማይጎድል፣ ሲነዳ ብቻ የሚጎድል ከሆነ ደግሞ ውስጥ የቀረ እሾህ አለ፤ ጎማው ሲታጠፍ ነው ወጋ የሚያደርገው።

ከቫልቮላው ይጀምሩ። ለዚህ ከቡና ሲኒ የተሻለ መሣሪያ የለም። ጎማውን አዙረው ቫልቮላውን የጎማው አናት ላይ ያድርጉት፤ እዚያ ሲሆን አፉ ወደ ታች ያያል። ሲኒውን ውኃ ሞልተው ከሥሩ ወደ ላይ በማቅረብ የቫልቮላውን አፍ ውኃው ውስጥ ይንከሩትና አንድ ደቂቃ ሙሉ ይጠብቁ። በየአሥር ሰከንዱ አንዲት አረፋ እንኳ ብትወጣ በቀናት ውስጥ ጎማ ታለሰልሳለች። መርፌውን ጠበቅ አድርገው ይድገሙት፤ ካልቆመ ይቀይሩት። ሲቀይሩት ጎማው ሙሉ በሙሉ ይተነፍሳል፣ መርፌውም ተወርውሮ ሊያመልጥ ይችላልና ፊትዎን አያቅርቡ፣ መንፊያውም አጠገብዎ ይሁን።

ሲኒው ጸጥ ካለ ሳሙናውን ወደ ቫልቮላው ሥር፣ ቸርኬው ቀዳዳ ላይ ያፍስሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ጥርሱን በሙሉ ሳሙና ቀብቶ አረፋ ይጠብቃል። ከመነዳሪ ባለው ጎማ ግን ንፋሱ በተወጋበት ቦታ አይወጣም። በከመነዳሪውና በውጭው ጎማ መካከል ይሄድና በቫልቮላው ቀዳዳ ዙሪያ ወይም ሽቦዎቹ ቸርኬው ውስጥ በገቡበት ይወጣል። እዚያ አረፋ ካዩ ከመነዳሪው የሆነ ቦታ ተቀድዷል ማለት ነው፤ የት እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ፣ እንደ አፓቼና ፑልሳር ባሉ ሞተሮች ላይ እንዳለው፣ ግን በተወጋበት ስለሚያረፋ ሳሙናው በቀጥታ ያሳያል።

ጭነቱ

ቅዳሜ ጠዋት ጭነቱን ከማሰርዎ በፊት የኋላውን ከ28 ወደ 32 ያድርሱ፤ ስድስት ሰባት ምት ነው። ጭነቱ ካረፈ በኋላ መሙላትም ይቻላል፣ ግፊቱ ብዙም አይለይም፤ ባዶ ሆኖ ግን ይመቻል። እሑድ ጠዋት መልሰው ይቀንሱ። ኩንታል ከሆነ ግን ንፋስ አይፈታውም። የኋላው ጎማ ጎን ላይ 3.00-17 ከሚለው ቀጥሎ 50ፒ የሚል ካለ፣ 50 ማለት ጎማው የሚሸከመው ከፍተኛው 190 ኪሎ ነው። ሞተሩ 120 ኪሎ ገደማ ሲሆን ግማሹ፣ 60፣ በኋላው ላይ ያርፋል። ከ70 ኪሎ ነጂ 40 ያህሉ። ከመቀመጫው በስተኋላ የታሰረ ኩንታል በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ በኋላው ላይ ነው፤ 100። ተደምሮ 200 ይሆናል፤ ጎማው ከሚችለው በላይ፣ ገና ጉድጓድ ሳይመታ። 60 ኪሎ ቢጭኑ 160 ላይ ይቆማሉና 32 ይበቃዋል። የፊቱን በጭነት ምክንያት አይንኩት፤ ከኋላ የታሰረ ጭነት የፊቱን ያቀልለዋል እንጂ አያከብደውም።

ወደ ሀገረ ሰላም የሚወጣም ካለ ንፋስ መቀነስ አያስፈልገውም። ከሀዋሳ 1,000 ሜትር ያህል ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1.3 ገደማ ጨምሮ ያነባል፤ የደጋው ብርድ ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይወስደዋል። በጭቃ መንገድ ይያዝልኝ ብለው ንፋስ የሚቀንሱትም በዚህ ጎማ ከልኩ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ባይቀንሱ ይሻላል፤ ከዚያ በታች ጎማው በቸርኬው ላይ ሸሽቶ ቫልቮላውን ይቀድደዋል።

ጎሚስታ ጋ ሲሄዱ

ቀዳዳው የከመነዳሪው ከሆነ ሥራው የጎሚስታ ነው፣ ግን ቆመው ይዩ። ከመነዳሪው ከመውጣቱ በፊት ቫልቮላው ካለበት ትይዩ በውጭው ጎማ ላይ በጠመኔ ያስምሩ። ከወጣ በኋላ ነፍተው ውኃ ውስጥ በሙሉ ዙሩ ይንከሩት፤ አንድ ቀዳዳ ሲገኝ አይቁሙ፣ ሁለተኛ ሊኖር ይችላል። ቀዳዳው መሬት በሚያየው በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ምስማር ነው፤ ከምልክቱ ተነስተው ቦታውን ጎማው ላይ ይፈልጉት። ውስጡን በጨርቅ ያስዳብሱ፣ በባዶ ጣት አይደለም፤ የቀረው ጫፍ ጨርቁን ይይዘዋል። እሾሁ ሳይወጣ የተለጠፈ ከመነዳሪ በሳምንቱ ይመለሳል። ቀዳዳው ቸርኬውን በሚያየው በኩል ከሆነ ወይ የሽቦ ጫፍ ወጥቷል ወይ ሽቦዎቹን የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶ ተበልቷል ወይም ተንሸራቷል። ሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳ ካለ ደግሞ ጥፋተኛው እሾህ ሳይሆን የጎደለው ንፋስ ነው።

ሲለጠፍ ቦታው መፋቅ፣ ማስቲሹ ተቀብቶ እጅ ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን መድረቅ አለበት። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ጨርሶ አይይዝም፣ ችኮላ ባለበት ሁሉ የሚሆነው ግን ይኸው ነው። ከቫልቮላው ሥር አጠገብ ከሆነ ወይም ሦስት አራት ልጥፍ ካለበት አዲስ ይግዙ፤ ሲገዙም ልኩን ያንብቡ፦ 2.75/3.00-17 የሚል። ለ18 የተሠራ ተጣጥፎ ይገባና እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል።

ሲገጠም ከመነዳሪው መጀመሪያ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ይነፋ። ጎማው ከገባ በኋላ ተነፍቶ፣ እንደገና ሙሉ በሙሉ ተነፍሶ፣ እንደገና ይሞላ፤ ውስጥ የታጠፈው በዚህ ይዘረጋል። በጎማው ጎን ቸርኬው አጠገብ ዙሪያውን የሚሄደውን ቀጭን መስመር ይዩ፤ ከቸርኬው ያለው ርቀት በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ከሰጠመ ሳሙና ቀብቶ እንደገና መሙላት ነው፤ ለማስነሳት 40ን አይለፉ፤ ሲነሳ ወደ ልኩ ይመለስ። የቫልቮላውን ዳዶ ደግሞ ቸርኬው ላይ አጥብቀው አያስሩት። ወደ ላይ አውጥተው ክዳኑ ሥር ቢያቆዩት ይሻላል፤ ጎማው ከሸሸ ቫልቮላው ዘመም ሲል በዓይን ይታያል፣ ሳይቀደድ ይደረስበታል። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ ይለኩና ትናንት ከጻፉት ጋር ያስተያዩት።